ማህለር በልጁ ላይ አሟርቷልን?

ጉስታቭ ማህለር የሚባለውን የሙዚቃ ሰው በቅጡ የማያውቁ እንኳ አንድ ታሪክ ሰምተው ይሆናል፡፡ አንድ አባት ሁለት ጤነኛ ሴት ልጆቹ ቤት ውስጥ እያሉ፣ እሱ ከቤቱ ራቅ ባለች ጎጆ ተቀምጦ ለሞቱ ሕጻናት ሙሾ ያወጣል፡፡ ሚስቱ ተው ትለዋለች፡፡ አይሰማትም፡፡ ከሦስት ዓመት በኋላ ትልቋ ልጁ ትሞታለች፡፡ እኛ አገር ቢሆን ጎረቤቱ ምን እንደሚል ለመገመት አያስቸግርም፤ አሟረተባት ይባላል፡፡ የሚገርመው ሠለጠኑ የምንላቸው አውሮፓውያንም ታሪኩን ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ከዚሁ አይርቁም፡፡ ሟርት የሚለውን ቃል አይጠቀሙ እንጂ ነገሩ ያው ነው፡፡

ክሱ የሚያርፈው ‹‹ኪንደርቶተንሊደር›› በሚባሉ አምስት ዘፈኖች ላይ ነው፡፡ ስሙ በጀርመንኛ ለሞቱ ልጆች የተዘፈኑ ዘፈኖች እንደ ማለት ነው፡፡ የተጻፉት ለአንድ ዘፋኝና ለኦርኬስትራ ሲሆን፣ ሴቶችም ቢዘፍኗቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የተሰሙት በባሪቶን ነው፤ ከቀጭኑ ቴነር ዝቅ፣ ከወፍራሙ ቤዝ ከፍ ባለው የወንድ ድምፅ ማለት ነው፡፡ ኦፔራ ውስጥ ሲያፈቅርና ሲፎክር የሚያመሸው አብዛኛውን ጊዜ ቴነሩ ነው፡፡ ባሪቶን ግን የአባወራ ድምፅ ነው፤ ሥራ ውሎ የሚገባ፣ በሩን ከፍቶ የልጆቹን ስም የሚጠራ ሰው ድምፅ፡፡ ማህለር ሥራውን ሲያሰማ ይህን ድምፅ መምረጡ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፡፡

ሕግ ለመማር የገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከሚሰማቸው ነገሮች አንዱ፣ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለተፈጸመ ብቻ የፊተኛው የኋለኛው መንስኤ ነው እንደማይባል ነው፡፡ ስለዚህ የማህለርን ጉዳይ ቀኖቹን በቅደም ተከተል እየደረደርን እንየው፡፡ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ጉስታቭ ማህለር ሐምሌ 7 ቀን 1860 ካሊሽት በምትባል የቦሄሚያ መንደር ተወለደ፡፡ ቦታው ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ነው፤ ያኔ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበር፡፡ ወላጆቹ አይሁድ ናቸው፡፡ በአይሁዶች ኑሮና ንብረት ላይ ተጥለው የነበሩት ገደቦች በዚያ ሰሞን ላላ በማለታቸው፣ ልጁ በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ ቤተሰቡ ኢግላው ወደምትባል ከተማ ተዛወረ፡፡ አባትየው በርንሃርድ አረቄ ያወጣ ነበር፤ መሸታ ቤትም ከፈተ፡፡ ቁጡና እጁ የሚፈጥን ሰው ነበር ይባላል፡፡ እናትየው ማሪ ታነክስ ነበር፤ አሥራ አራት ልጆች ወልዳለች፡፡

ከአሥራ አራቱ ለአካለ መጠን የበቁት ስድስት ብቻ ናቸው፡፡ ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፡፡ የመጀመሪያው ልጅ ጉስታቭ ከመወለዱ በፊት ሞቷል፤ ማለትም ማህለር ወደዚህ ዓለም የመጣው ሐዘን ወደተቀመጠ ቤት ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ትንንሽ የሬሳ ሳጥኖች ከዚያ ቤት እየተከታተሉ ወጥተዋል፡፡ ቤቱ ደግሞ መሸታ ቤት ነው፡፡ እታች ሰካራሞች ይዘፍናሉ፤ ከተማዋ የጦር ሠፈር ስለሆነች የወታደር ማርሽ በመንገድ ያልፋል፤ እላይ እናት ታለቅሳለች፡፡ ማህለር በሲምፎኒዎቹ ውስጥ የቀብር ማርሽና የመንደር ጭፈራን ጎን ለጎን እያስቀመጠ ነው ተብሎ ዕድሜ ልኩን ተነቅፏል፡፡ እኔ ግን ያደገበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል ብዬ አላስብም፡፡

ከሞቱት ሁሉ የከፋበት ኤርንስት ነው፡፡ ኤርንስት በዕድሜ የሚቀርበው ታናሽ ወንድሙ ነበር፡፡ በ1875 ለረጅም ጊዜ ታሞ ሲሞት ጉስታቭ አሥራ አምስት ዓመት አልሞላውም፡፡ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ተረት ያወራለት እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ያነሳሉ፡፡ ኤርንስት የሚለውን ስም በኋላ ስለምንመለስበት እናስታውሰው፡፡

በዚያው ዓመት መገባደጃ ማህለር ቪየና ወደሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1878 ተመረቀ፡፡ እንጀራውን የሚያበስለው ግን በድርሰት አልነበረም፡፡ ኦርኬስትራ መሪ ሆነ፤ ከትንሽ ከተማ ወደ ትልቅ ከተማ፣ ከአንዱ ኦፔራ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ኖረ፡፡ በ1883 ካሰል ወደምትባል የጀርመን ከተማ ሄዶ ዮሃና ሪክተር የምትባል ዘፋኝ ወደደ፡፡ አልሆነለትም፡፡ ትርፉ አራት ዘፈኖች ነው፤ ‹‹የተጓዡ የእጅ ባለሙያ መዝሙሮች›› ልንላቸው እንችላለን፤ ፍቅረኛው ሌላ አግብታበት አገር ለአገር ስለሚንከራተት ወጣት የሚያወሩ፣ ግጥሞቹንም በአብዛኛው ራሱ የጻፋቸው፡፡ የአንደኛው ዜማ በ1889 ቡዳፔስት ላይ በተሰማው አንደኛ ሲምፎኒው ውስጥ ገብቷል፡፡ አራቱ አንድ ላይ ከኦርኬስትራ ጋር የተሰሙት ግን በመጋቢት 1896 በርሊን ውስጥ ነው፤ አንቶን ሲስተርማንስ የተባለ ባሪቶን ዘፍኗቸዋል፡፡ ባሪቶንና ኦርኬስትራ፣ ለብቻው የቀረ ሰው፤ መንገዱ የተጠረገው ያኔ ነው፡፡

1889 ክፉ ዓመት ነበር፡፡ አባቱ፣ እናቱና እህቱ ሊዮፖልዲን በአንድ ዓመት ውስጥ አለፉ፡፡ ማህለር በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የቤቱ አባወራ ሆነ፤ ታናናሾቹን የማስተማርና የማሳደር ኃላፊነት ወደቀበት፡፡ ከእነሱም አንዱ፣ የሙዚቃ ተሰጥኦ የነበረው ኦቶ፣ በ1895 ራሱን አጠፋ፡፡ ማህለር ስለዚህ ነገር ማውራት አይወድም ነበር፡፡

ወደ ሌላ ጉዳይ ላምራ፤ የሕግ ሰው ነኝና ሳላነሳው ባልፍ ቅር ይለኛል፡፡ የኦስትሪያ መሠረታዊ ሕግ በ1867 ሲወጣ ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ የመንግሥት ሥራ ለሁሉም ዜጋ ክፍት መሆኑን፣ የእምነት ነጻነትም የተጠበቀ መሆኑን ደንግጓል፡፡ ጥሩ ሕግ ነው፡፡ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የቪየና ቤተ መንግሥት ኦፔራ መሪ ሲፈልግ፣ ከማህለር የተሻለ እጩ አልነበረም ማለት ይቻላል፡፡ ነገር ግን አይሁድ ለዚያ ቦታ እንደማይሾም ሁሉም ያውቃል፤ የትም አልተጻፈም፣ ግን ይታወቃል፡፡ ማህለር የካቲት 23 ቀን 1897 ሃምቡርግ ውስጥ ካቶሊክ ሆኖ ተጠመቀ፡፡ ሚያዝያ ላይ ተቀጠረ፤ ጥቅምት ላይ ዳይሬክተር ሆነ፡፡ በሕግ የተሰጠ መብት በቅጥር ክፍሉ ደጃፍ ላይ እንዴት እንደሚቀር ለእኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ቀለም ማባከን የሚያስፈልግ አይመስለኝም፡፡

በዚያ ኦፔራ ቤት አሥር ዓመት ቆየ፡፡ አርፍዶ የመጣ ተመልካች ሙዚቃው ከተጀመረ በኋላ እንዳይገባ ከለከለ፤ ዘፋኞች ገንዘብ እየከፈሉ የሚያሰማሯቸውን አጨብጫቢዎች አባረረ፤ የቫግነርን ኦፔራዎች ሳይቆርጥ አቀረበ፡፡ ሠራተኛው ይፈራው ነበር፤ የከተማዋ ፀረ አይሁድ ጋዜጦችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተኙለትም፡፡ መጠመቁ ከእነሱ አላዳነውም፡፡ ለድርሰት የሚተርፈው ጊዜ የበጋ ዕረፍት ብቻ ነበር፡፡

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ፡፡ በየካቲት 1901 ማህለር በአንድ ሌሊት ብዙ ደም ፈሶት ለጥቂት ተረፈ፡፡ በዚያው ዓመት በጋ፣ ማየርኒግ በሚባል ሥፍራ ከሐይቅ ዳር ባሠራው አዲስ ቤት አረፈ፤ ከበላዩ ጫካው ውስጥ ለሥራ የምትሆን ትንሽ ጎጆ ነበረችው፡፡ እዚያ ሆኖ የፍሪድሪክ ሩከርትን ግጥሞች አነበበ፡፡

ሩከርት የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ ነበር፤ ከዐረብኛና ከፋርስኛ ብዙ ተርጉሟል፡፡ ከ1833 ወደ 1834 በተሻገረው ክረምት ሁለት ልጆቹን፣ ሉዊዘንና ኤርንስትን፣ ስካርሌት ፊቨር በሚባለው የሕጻናት ትኩሳት በሳምንታት ልዩነት ቀበረ፡፡ ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት መቶ ሃያ ስምንት ግጥሞች ጻፈ፡፡ በሕይወት እያለ ግን ለኅትመት አላበቃቸውም፤ የወጡት ከሞተ በኋላ በ1872 ነው፡፡ የሟቹ ልጅ ስም ኤርንስት መሆኑን ልብ ይሏል፡፡ ማህለርም የራሱን ኤርንስት ቀብሯል፡፡

በ1901 በጋ ማህለር ከአምስቱ ዘፈኖች ሦስቱን ጻፈ፡፡ ያኔ አላገባም፡፡ ልጅ የለውም፡፡ የወደፊት ሚስቱን አልማ ሺንድለርን የተዋወቃት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው፡፡ እንግዲህ ክሱ እዚህ ላይ ይሰነጠቃል፡፡ ያልተወለደች፣ እናቷም ገና ያልታወቀች ልጅ ላይ የሚያሟርት ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ማህለር የተጻፈ ሐዘን አግኝቶ በውስጡ ያየው ወደፊት የሚመጣውን ሳይሆን ከኢግላው ቤት የወጡትን ሳጥኖች ነው ብዬ አምናለሁ፡፡

ዘፈኖቹ ሙሾ ናቸው ብል የእኛን አልቃሽ የምናስታውስ እንሳሳታለን፡፡ ደረት የሚደቃ የለም፡፡ ትራምፔትና ትሮምቦን ከኦርኬስትራው ወጥተዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው አንድ ኦቦ ወይም አንድ ሆርን ከዘፋኙ ጋር ብቻውን ሲሄድ ነው፡፡ በመጀመሪያው ዘፈን ፀሐይ ትወጣለች፤ አባትየው በአንድ ሌሊት ቤቱ መፍረሱን ፀሐይዋ አለማወቋ ይገርመዋል፡፡ በሦስተኛው እናት በር ከፍታ ስትገባ የአባት ዓይን የሚያርፈው እሷ ላይ ሳይሆን፣ ከእሷ ዝቅ ብሎ የልጅቷ ፊት ይታይበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ ነው፡፡ ሰው የቀበረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፡፡ በአራተኛው ልጆቹ ለሽርሽር ወጥተው የዘገዩ ይመስለዋል፡፡ የመጨረሻው ማዕበል ነው፤ በዚህ አየር ልጆቹ ከቤት መውጣት እንዳልነበረባቸው፣ እሱም እንዳልፈቀደ፣ የሚሰማው እንዳልነበረ ደጋግሞ ያስረዳል፡፡ ማን ከሰሰውና? ከዚያ ማዕበሉ ይበርዳል፤ ትንሽ የደወል ድምፅ ይሰማል፤ ኦርኬስትራው ወደ እሹሩሩ ይለወጣል፡፡ ማህለር አምስቱ ሳይነጣጠሉና በመካከል ሳይቋረጡ እንዲዘፈኑ አሳስቧል፡፡

መጋቢት 9 ቀን 1902 አልማን አገባ፡፡ እሱ አርባ አንድ፣ እሷ ሃያ ሁለት ዓመት፡፡ ከጋብቻው በፊት በጻፈላት ረጅም ደብዳቤ ሙዚቃ መድረሷን እንድትተው ጠየቃት፤ ደራሲው እሱ፣ ሚስቲቱ እሷ እንድትሆን፡፡ ተቀበለች፡፡ ማህለርን ጥፋተኛ ለማለት የሚፈልግ ሰው ካለ እኔ የምጠቁመው ይህን ውል ነው፡፡ ሟርት አያስፈልግም፤ የእጁ ጽሑፍ አለ፡፡ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ትዳሩ ሊፈርስ ሲል፣ ያስቀመጠቻቸውን ዘፈኖች አውጥቶ ጥሩ ናቸው ብሎ አሳተመላት፡፡ ዘግይቷል፡፡

ማሪያ በኅዳር 1902 ተወለደች፡፡ አና ሰኔ 15 ቀን 1904፡፡ አና በተወለደች በሳምንታት ውስጥ ማህለር ጎጆዋ ውስጥ ገብቶ የቀሩትን ሁለት ዘፈኖች ጨረሰ፡፡ አልማ አራስ ነበረች፡፡ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1940 ባሳተመችው ትዝታዋ፣ ልጆቹን ስሞ ወጥቶ ወዲያው እንዲህ ያለ ነገር መጻፉ እንዳስፈራትና ዕጣን እንዳይፈታተን እንደለመነችው ጽፋለች፡፡ አራስ ሴት ብትፈራ አልፈርድባትም፡፡

ዘፈኖቹ ጥር 29 ቀን 1905 ቪየና ውስጥ ተሰሙ፡፡ ባሪቶኑ ፍሪድሪክ ቫይደማን ነበር፤ ኦርኬስትራውን ማህለር ራሱ መራ፡፡ አዳራሹ ትልቅ አልነበረም፤ ለዚህ ሥራ ትልቅ አይመችም፡፡

ከዚያ 1907 መጣ፡፡ በሰኔ ማህለር በጋዜጦቹና በቢሮው ሽኩቻ ተሰላችቶ ከኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ጋር ተዋዋለ፡፡ በሐምሌ ማየርኒግ ላይ ማሪያ ስካርሌት ፊቨርና ዲፍቴሪያ ያዛት፡፡ እንድትተነፍስ ጉሮሮዋን ቢበሷትም አልተረፈችም፡፡ አምስት ዓመት አልሞላትም፡፡ በቀናት ውስጥ ሐኪም ማህለርን ሲመረምረው ልቡ ላይ ችግር አገኘ፡፡ ወደዚያ ቤት ከዚያ በኋላ ለዕረፍት አልተመለሱም፡፡

አልማ ሦስቱን መከራዎች፣ ከኦፔራው መውጣቱን፣ የልጁን ሞትና የልቡን ሕመም፣ በስድስተኛው ሲምፎኒ መጨረሻ ላይ ከሚሰሙት የመዶሻ ምቶች ጋር አያይዛ ሙዚቃው አስቀድሞ ተናግሮት ነበር ወደሚል ትርጓሜ ወስዳዋለች፡፡ ይህ ትርጓሜ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ፤ ለፊልም ይመቻላ! ቀኑ ግን አይገጥምም፡፡ የኒውዮርኩ ውል የቀደመው ሕፃኗ ሳትታመም ነው፤ በፈቃዱ የፈረመው እንጂ ከሰማይ የወረደበት አይደለም፡፡ ሦስተኛውን የመዶሻ ምትም ማህለር ራሱ ሰርዞታል፡፡ የበሽታው መመሳሰል ደግሞ፣ የሩከርት ልጆችም ማሪያም በስካርሌት ፊቨር መሞታቸው፣ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው፡፡ ከዚያ በፊት ይህ በሽታ የድሃውንም የሀብታሙንም ልጅ ይወስድ ነበር፡፡ ለሞተ ልጅ የጻፈ ገጣሚ ሁሉ ከጥቂት በሽታዎች በአንዱ ለሞተ ልጅ ነው የሚጽፈው፡፡

በአልማ ላይ ለመጨከን አይደለም፡፡ ከወለደቻቸው አራት ልጆች ሦስቱን ቀብራለች፡፡ ልጅ የቀበረ ሰው ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያት ከማጣት ጥፋተኛ ማግኘት ይቀላል፡፡

ማህለር ጥር 1 ቀን 1908 ሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ ወጣ፤ በ1909 ደግሞ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን ተረከበ፡፡ በጥር 1910 በኒውዮርክ መድረክ ላይ፣ ሉድቪግ ቩልነር እየዘፈነ፣ እነዚያኑ ዘፈኖች መራ፡፡ ልጁ ከሞተች ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል፡፡ ማስቀረት ይችል ነበር፤ የቀረበውን የሚመርጠው እሱ ነው፡፡ ዘፈኖቹ ልጄን ገድለውብኛል ብሎ የሚያምን ሰው እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ በትሩን ያነሳል ብዬ ለማመን ይከብደኛል፡፡

የቀረው አጭር ነው፡፡ በ1910 በጋ አልማ ዋልተር ግሮፒየስ የተባለውን ወጣት አርክቴክት መውደዷን አወቀ፤ በነሐሴ ሆላንድ ድረስ ተጉዞ ሲግመንድ ፍሮይድን አማከረ፤ በመስከረም ሙኒክ ላይ ስምንተኛ ሲምፎኒውን አሰምቶ በሕይወቱ ትልቁን ድል አየ፡፡ የካቲት 21 ቀን 1911 ኒውዮርክ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን መራ፡፡ ልቡን ያጠቃውን ባክቴሪያ ለማከም የዚያ ዘመን ሕክምና መላ አልነበረውም፡፡ ቪየና ተመልሶ ግንቦት 18 ቀን 1911 በሃምሳ ዓመቱ ሞተ፡፡ ግሪንሲንግ በሚባለው መካነ መቃብር ከማሪያ ጋር ተቀበረ፤ ድንጋዩ ላይ ከስሙ በቀር የተጻፈ የለም፡፡

የጥምቀት ወረቀቱ ከሞተ በኋላም አልጠቀመውም፡፡ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሙዚቃውን ከለከሉ፡፡ የእህቱ የዩስቲነ ልጅ፣ ቫዮሊን ተጫዋቿ አልማ ሮዜ፣ አውሽቪትስ ውስጥ የእስረኛ ሴቶችን ኦርኬስትራ እየመራች ቆይታ በ1944 እዚያው ሞተች፡፡ ለዚህ ሞት ትንቢት የሚፈልግ የለም፤ ትእዛዝ የሰጠም፣ የፈረመም፣ ባቡር የነዳም ሰው አለና፡፡

ዘፈኖቹን በ1928 ሃይንሪክ ሬህኬምፐር የተባለ ባሪቶን በሸክላ አስቀረጻቸው፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ዲትሪክ ፊሸር ዲስካው፡፡ መጀመር የሚፈልግ አንባቢ ከሁለተኛው ይጀምር፤ የሸክላው ጩኸት አያስቸግረውም፡፡

አና፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች ሲጻፉ የሳምንታት ሕፃን የነበረችው፣ ቀራፂ ሆነች፡፡ የዘመኗን ታላላቅ ሙዚቀኞች ምስል በድንጋይና በነሐስ ሠርታለች፤ አምስት ጊዜ አግብታለች፤ ከናዚዎች አምልጣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ኖራለች፡፡ ሰኔ 3 ቀን 1988 ለንደን ውስጥ ስታርፍ ሰማንያ አራት ዓመት ሊሞላት አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር፡፡